ጋሽ ሙሄና ፈንጣጣሟ ኳስ

ባለፈው ማክሰኞ የተሰበረ መነጽሬን ላሠራ ከቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳሪስ አቦ ወረድኩ። ረዳቱ «እማማ ቀስ ብለው» እያለ እጄን ይዞ አወረደኝ። ገና አስፋልቱን ተሻግሬ መነጽር ሠሪው ዘንድ ሳልደርስ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ የሚመጣ ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ሁለት ወጣቶች የተጋጨች ነጭ መኪና በር ላይ ስቱኮ ይለጥፋሉ። ስቱኮን ለማያውቅ፣ የተጎዳ የመኪና ቆርቆሮ የሚሞላበት፣ ሲለጥፉት እንደ ሊጥ የሚለሰልስ፣ ሲደርቅ ግን እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ነገር ነው። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። እኔ ቆምኩ። አንደኛው ልጅ ቀና ብሎ «እናቴ፣ ይሸትዎታል፣ ወዲያ ይለፉ» አለኝ። «ግድ የለም ልጄ፣ እኔ ደስ ይለኛል» ስለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? እነሱ ሳይወለዱ፣ ምናልባት እናቶቻቸውም ገና ልጃገረድ ሳይሆኑ፣ በዚህ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከአንድ ሰው የተማርኩትን ነገር በጋራዥ በር ላይ ቆሞ መናገር አይቻልም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በፊዚክስ ተመርቄ የመምህርነት ምደባ ዕጣ ሲወጣ አቃቂ ደረሰኝ። ጓደኞቼ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው እኔ ከተማው ጫፍ ላይ በመቅረቴ ዕድለኛ ተባልኩ፤ ለእኔ ለአራት ኪሎ ልጅ ግን የዚያን ጊዜዋ አቃቂ ራሷ ክፍለ ሀገር ነበረች። አውቶቡሱ ቃሊቲን ሲያልፍ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ያለበት ቦታ ያኔ ሰው በሩቁ አይቶት የሚያልፈው ቀይ ጉብታ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ልብስ ሳሰጣ ይሄን አስብና ብቻዬን እስቃለሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ በቀን ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ሰዓት ያለውም የሌለውም ኑሮውን የሚለካው በእሱ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ የሻይ ቤቱ ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። ከድልድዩ ወዲህ ባለችው በዚያች ሻይ ቤት ሻይ በዳቦ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ቴፑ መብራት ሲደክም አብሮ እየደከመ፣ ዘፋኙ በድንገት እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ድምፁን ይጎትት ነበር። ሰዉ ግን ዘፈኑን በቃሉ ስለሚያውቀው እሱ ራሱ እየዘፈነ ያደርስለታል።

አለባበሴን ሳስታውሰው ዛሬም ያስቀኛል። እናቴ ያሰፋችልኝ ሰማያዊ ፕሊሴ ቀሚስ ነበረኝ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ሽንሽኑ በየጠዋቱ ካልተተኮሰ የማያምር። ከላይ ነጭ ሸሚዝ። ከታች ተረከዙ ቀጭን ጫማ፤ ያውም ለአቃቂ! የአቃቂ መረሬ ጭቃ የሰው ጫማ አይመልስም። በመጀመሪያው የክረምት ሳምንት አንዱ ተረከዜ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ቀረና የፋብሪካ ሴቶች በሳቅ እያለቀሱ አወጡልኝ። በማግስቱ ሸራ ጫማ ገዛሁ።

ቀን ቀን ለመደበኛ ተማሪዎች አስተምራለሁ፤ ከአስራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ለማታ ተማሪዎች። የማታዎቹ ወዛደሮች ናቸው። ከፈረቃ ወጥተው በቀጥታ ስለሚመጡ የጥጥ ብናኝ ጸጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ ነው፤ አርባ የሚሆኑ ያለጊዜያቸው የሸበቱ ሰዎች ፊቴ ተደርድረው ሲቀመጡ መጀመሪያ ዓይኔን ከሰሌዳው አላነሳም ነበር። ከእኔ የሚያንስ አንድም ሰው አልነበረም። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ሲያስረክበኝ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እንግዲህ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንቺ ደግሞ ልጅ ነሽ፣ ያውም ሴት። ለአንድ ሴሚስተር እንይሽና እንወስናለን» አለኝ። በዚህች በአንዲት ንግግር ምክንያት ክፍል ስገባ ፊቴን አጠቁራለሁ፣ ጠመኔውን እንደ ዱላ እይዛለሁ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ከመልሱ ይልቅ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ እጨነቃለሁ።

ከእነዚህ ተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ሙሄ ነበር። የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ሾፌር ሆኖ አገሩን ሁሉ ዞሯል። ከዚያ ከከተማው በስተምዕራብ ባለ የጎልፍ ሜዳ የሣር ማጨጃ ማሽኖችን ሲጠግን አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመጨረሻ እዚህ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባ። ያኔ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራጫ ቱታው የተተኮሰ፣ ነጭ ኮፍያው የነጣ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው፣ ዝግ ያለ ሰው። የጥገና ክፍሉን ሊመራ የሚችል እጅ እንዳለው አለቆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ የጎደለው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ብቻ ነበር። ለዚያች ወረቀት ብሎ አራት ዓመት ሙሉ በየማታው ጠባብ የልጆች ዴስክ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ያ ዓመት የመጨረሻው ነበር፤ ለፈተናው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

አንድ ቀን ስለ ሰበቃ እያስተማርኩ ነው። ሸካራ ነገር እንደሚይዝ፣ ልስልስ ነገር እንደሚያንሸራትት ጻፍኩ፤ ቀጠልኩና «በአየር ላይም ያው ነው። ሁለት ኳስ ብንወረውር፣ ልስልሷ ሁልጊዜ ርቃ ትሄዳለች» አልኩ። ይሄ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ጋሽ ሙሄ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁልጊዜ አይደለም።»

«ምኑ ነው ሁልጊዜ ያልሆነው?»

ከቱታው ኪስ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ አውጥቶ ዴስኩ ላይ አስቀመጠ። የጎልፍ ኳስ ነበረች። አይቼ አላውቅም ነበር። ከዳር እስከ ዳር በትንንሽ ክብ ጎድጓዳዎች ተሞልታ፣ ፈንጣጣ ያለፈባት ፊት ትመስላለች።

«እኔ አምስት ዓመት ሜዳው ላይ ኖሬያለሁ» አለ። «ይቺ ጉድጓዷ ያልጠፋባት ሩቅ ትሄዳለች። አሮጌዋ፣ ተፍቃ የለሰለሰችው፣ በዚያው ዱላ ያው ሰው ቢመታት እንኳ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ፈረንጆቹ የለሰለሱትን ይጥሏቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም፤ እርስዎ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

ልብ በሉ፣ ሊያጋልጠኝ አይደለም የጠየቀው። ሊማር ነው። እኔ ግን የሰማሁት «ተሳስተሻል» የሚለውን ብቻ ነው። አርባ ሰው ያየኛል። «ጋሽ ሙሄ» አልኩት፣ «እዚህ የምንማረው ፊዚክስ ነው፤ የሜዳ ወሬ አይደለም። ጉድጓዱ ለጌጥ ይሆናል። እርስዎ የጻፍኩትን ይገልብጡ።» ከኋላ በላቸው የሚባል ቀልደኛ ሸማኔ ነበር፤ «ተዋት ሙሄ፣ ኳስህን ክትባት አስከትባት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ መሳሳቴ ሳይሆን መሳቄ።

ጋሽ ሙሄ ኳሷን ወደ ኪሱ መለሰ። ጨዋ ሰው ነውና አቋርጦ አልወጣም፤ የጻፍኩትን እየገለበጠ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን። ሳምንት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የቀረ የማታ ተማሪ ስሙ ይሰረዛል የሚል ነበር፤ ስሙ የተሰረዘ ደግሞ ፈተና አይቀመጥም። በየቀኑ ስም ስጠራ በመዝገብ ስሙ «መሐመድ» ብዬ በር በሩን አያለሁ። በላቸው እንኳ መቀለዱን ተወ። አንድ ማታ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ቲቸር፣ ሙሄ የምር ተቀይሟል። ‹በልጄ ዕድሜ ባለች አስተማሪ ፊት መሳቂያ ከምሆን ወረቀቱ ይቅርብኝ› ብሏል። የእኔ አፍ ነው» አለኝ። የእሱ አፍ ብቻ እንዳልነበረ እኔ አውቀዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ቤት ሄድኩና አልጋ ስር ከካርቶን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን አወጣሁ። ስለ አየርና ውሃ ፍሰት የሚያወራ ምዕራፍ ነበረው፤ አስተማሪያችን «ፈተና አይመጣም» ስላለን ማናችንም አልገለጥነውም። ገጾቹ ገና እንደተጣበቁ ነበሩ። አንድ ገጽ ላይ በጭስ መሃል የተነሱ የሁለት ድቡልቡል ነገሮች ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ አንዱ ልስልስ፣ አንዱ ሸካራ። ከልስልሱ ኋላ ጭሱ ሰፊ ሆኖ ይተራመሳል፤ ከሸካራው ኋላ ጠባብ ነው። ከስሩ ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ፤ የጎልፍ ኳስ የሚል ቃል ሁሉ አለበት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊቴ ጋለ። ማንም አላየኝም። ያን መጽሐፍ በአቃቂ ውስጥ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዘግቼ ካርቶኑ ውስጥ ብመልሰው የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሴሚስተሩም ያልቃል፣ ዳይሬክተሩም ይወስንልኛል። ይሄን አስቤ ነበር፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

ሰኞ ፈረቃ ሲለወጥ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ያካፋል። የወጣው ሰው ሁሉ «ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ያልፋል። ጋሽ ሙሄ ከሁሉም በኋላ ወጣ። ሲያየኝ ደነገጠና ኮፍያውን አስተካከለ።

«ጋሽ ሙሄ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ። መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ረጋ ብሎ አየኝ። «መጽሐፉ ምን ይላል?»

«እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው።»

«እና አሁን መጽሐፉ ስላለ ነው ልክ የሆንኩት?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «የዛሬ ሁለት ሳምንትስ ምን ነበርኩ?»

ዝናቡ በቀሚሴ ሽንሽን ላይ ይወርዳል። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኩት።

«እርስዎ ምንም አያድርጉ። እኔ ነኝ የማሳይ። እነዚያ የሳቁት ሁሉ መጥተው በዓይናቸው ይዩ። መጽሐፍ አይምጣ።»

«ክፍሉን ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። «ግን እንደ ፊዚክስ ይሁን። በደንብ እናድርገው።»

«በደንብ ማለት እንዴት ነው?» ብሎ ፈገግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያን ሳምንት ከቀን ትምህርት በኋላ ባለችኝ ክፍት ሰዓት ሁሉ እሱ ግቢ ነበርኩ። ቤቱ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ መሥሪያ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የብረት ዓይነት ሁሉ። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ተቀብላ «አንቺ ነሽ በባሌ ላይ ሰው ያሳቅሽው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «ግቢ፣ ሻይ ጠጪ» አለችኝ፤ በቃ፣ ይሄው ነበር ወቀሳዋ።

ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት አዳዲስ ኳሶች ነበሩት። አንዷን እንዳለች ተዋት። የሁለተኛዋን ጉድጓዶች አንድ በአንድ በስቱኮ ሞላ፤ በጥፍሩ እየጫነ፣ ሽታው እኔን እያስነጠሰኝ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ እንደ እንቁላል አለሰለሳት። «ይኸው፣ መጠናቸው እኩል» አለ። እኔ ደግሞ አስተማሪነቴ ተነሳብኝ፤ «እኩል አይደሉም። ስቱኮ ስለጨመሩባት ይቺኛዋ ትከብዳለች። አጥራ ብትወድቅ በክብደቷ ነው ይባላል» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና «ወላሂ ልክ ነሽ» አለ። «ነሽ» ማለቱን እሱ አላስተዋለም፤ እኔ ግን አስተውዬ ውስጤን ሞቀው። ገበያ ያለ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄደን በወርቅ ሚዛን መዘንናቸው፤ ሰውየው ሁለታችንንም እንደ እብድ እያየ። እውነትም ትከብዳለች። ጋሽ ሙሄ በትራፓኖ፣ በብረት መብሻው፣ መሃሏ ድረስ በስቶ፣ ጥቂት ፈልፍሎ አውጥቶ፣ አፏን በስስ ስቱኮ ደፈናት። እስክትስተካከል ሦስት ጊዜ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ተመላለስን።

የሚወረውራትም ነገር ተሠራ። ሰው በእጁ ቢመታ አንዱን ጠንክሮ አንዱን አላልቶ ሊመታ ይችላል አልኩ፤ እሱ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ የተፈታ ባሌስትራ አመጣ። በጎማው በኩል መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ቅጠል ማለት ነው፤ ሲለጥጡት ተመልሶ የሚመታ። ከእንጨት መቀመጫ ጋር አሰረው፣ ጫፉ ላይ ኳሷ የምትቀመጥበት ኩባያ በየደ፣ የት ድረስ እንደሚሳብ በብረት ሞረድ ምልክት ቆረጠ። ሥራው ላይ ሳየው ክፍል ውስጥ በዚያች ጠባብ ዴስክ የማየው ሰው አልነበረም። እጁ አይሳሳትም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ የማውቀው አንድም ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ጠዋት፣ የቀበሌ ስብሰባ ስላልነበረ፣ ንፋስ ሳይነሳ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከወንዙ አጠገብ ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። ስሙ ሊሰረዝ አንድ ቀን ነው የቀረው። ክፍሉ በሙሉ መጣ ማለት ይቻላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ነጠላ እንደለበሱ፣ ሌሎቹ በእሁድ ካፖርታቸው። በላቸው ችካልና መዶሻ ይዞ «የሚወድቁበትን እኔ እመታለሁ» ብሎ ራሱን ሾመ። ልንጀምር ስንል ዳይሬክተሩ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ሲመጣ አየሁ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

መጀመሪያ ልስልሷ ተወረወረች። ባሌስትራው «ጧ!» አለ፤ ኳሷ ሄዳ ወደቀች፤ በላቸው ሮጦ ቸከለ። ከዚያ ፈንጣጣሟ። ሄደች፣ ሄደች፣ እና ከልስልሷ ሁለት እርምጃ አጥራ ወደቀች።

አንድ ሰው «እንዴ» አለ፣ ሌላው ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። ጋሽ ሙሄ ቀና አላለም። እጁን በቱታው ላይ ጠረገና «በቃ» አለ ቀስ ብሎ። «በቃ፣ ይሰብሰብ።»

«ምኑ ነው የሚሰበሰበው?» አልኩ። ድምፄ ጮኸብኝ። «አንድ ጊዜ ማለት ምንም ማለት አይደለም። በደንብ አልተሳበ እንደሆነ፣ ንፋስ ሽው ብሎ እንደሆነ ማን ያውቃል? እያንዳንዳቸውን አስር አስር ጊዜ ነው የምንወረውረው። ጋሽ ሙሄ፣ ይሳቡት።»

አየኝ። ከዚያ እጀታውን ያዘ።

በሁለተኛው ፈንጣጣሟ አለፈቻት። በሦስተኛው በሰፊው። በአራተኛው ሰዉ መጮህ ጀመረ። በላቸው በሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ፣ ነጠላ የለበሱት ሴቶች እየቆጠሩ፣ እትዬ ዘይነባ ከዳር ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። አስሩ ሲያልቅ ችካሎቹ ለየብቻ ሁለት መንጋ ሆነው ቆመዋል፤ ከመጀመሪያዋ በስተቀር ፈንጣጣሟ ሁሉንም አሸንፋለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአስራ አምስት እርምጃ በላይ እየራቀች። ያቺ የመጀመሪያዋ ለምን እንዳጠረች ዛሬም ድረስ አላውቅም።

«እሺ፣ ለምን?» አለች አንዲት የፈትል ክፍል ሴት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጋሽ ሙሄ ዞርኩ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ሾፌር ሳሉ በአቧራ መንገድ ሲሄዱ፣ አቧራው ወደ መኪናው የሚገባው በየት ነው?»

«በኋላ ነዋ! ፊት ለፊት የሰነጠቅሽው አቧራ ዞሮ ከኋላ ይገባል። የኋላ በር ካልዘጋሽ ዕቃሽ ያልቅለታል።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«መኪናው ሲያልፍ ከኋላው ባዶ ይተዋል፤ ያ ባዶ ይስባል።»

«እሱ ነው» አልኩ። «ኳሷንም የሚይዛት በአብዛኛው ቆዳዋን የሚያሻት አየር አይደለም፤ ኋላዋ የሚቀረው ባዶ ነው ወደ ኋላ የሚስባት። ከኳሷ ቆዳ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ስስ አየር አለ። ልስልሷ ላይ ያ አየር ቶሎ ይላቀቃል፤ ከኋላዋ ሰፊ ባዶ ይከፍትባታል። የዚቺኛዋ ጉድጓዶች ግን ስሱን አየር ያምሱታል፤ የታመሰው አየር ጉልበት ስላለው ቆዳዋን ይዞ ወደ ጀርባዋ ድረስ ይዞራል፤ ከኋላ የሚቀረው ባዶ ይጠብባል። የሚስባት ነገር አነሰ ማለት ነው። ሸካራነቷ ትንሽ ያስከፍላታል፣ ግን ብዙ ያተርፍላታል።»

ጋሽ ሙሄ ራሱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ፣ ለብቻው። «አምስት ዓመት» አለ። «አምስት ዓመት ስጠይቅ የነበረው ይሄን ነው።»

ከዚያ የቀረኝን አደረግኩ። «ያን ዕለት የጻፍኩላችሁን ከደብተራችሁ ሰርዙ» አልኩ። «ተሳስቼ ነበር። ጋሽ ሙሄ በአክብሮት ሲጠይቁኝ ደግሞ ስቄባቸዋለሁ። ይሄ ከመሳሳቴ ይብሳል። የሳቅኩት በእናንተ ፊት ነው፤ በእናንተው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ዳይሬክተሩን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የበላቸውን ድምፅ ነው፤ «እኔንም ጨምሩበት» አለ፣ መዶሻውን እንደያዘ። ጋሽ ሙሄ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «ልጄ፣ አልፏል» አለኝ። እትዬ ዘይነባ የዚያን ቀን ስንቱን ሰው ሻይ እንዳጠጣች እንጃ፤ ብርጭቆ ከጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራኝ። ዕቃዬን በልቤ ሸክፌ ነው የገባሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ፈረመ። «ከአሁን በኋላ ተማሪ ይዘሽ ስትወጪ አስቀድመሽ አስፈቅጂ» አለ። የፈረመው ቋሚ ቅጥሬን ነበር። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ማታ «መሐመድ» ብዬ ስጠራ ከኋላ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ፤ ስሙ አጠገብ ምልክት አድርጌ ቀጣዩን ጠራሁ።

ፈተናውን እንደ ተረት በአንዴ አለፈ ብል ደስ ባለኝ። ፊዚክሱን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ እንግሊዝኛው ጣለው። አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና ተቀምጦ በሁለተኛው አለፈ፤ ከዚያም ትንሽ ቆይቶ የጥገናው ክፍል ተሰጠው። እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ዘመንም በዘመን ላይ መጣ። ፋብሪካው በሌላ ባለቤት ሆነ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ሜዳው ላይ መጋዘን ተሠራ። ጋሽ ሙሄን መጀመሪያ በየበዓሉ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ እጠይቀው ነበር፤ ከዚያ በሰው ሰላምታ ብቻ ሆነ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ አይደለም» ባለኝ ቁጥር «የጻፍኩትን ገልብጥ» ማለት ያምረኛል፤ ቢሆንም ጠመኔዬን አስቀምጬ «እስቲ አሳየኝ»፣ «እስቲ አሳዪኝ» እላለሁ። ከአስሩ ስምንት ጊዜ እነሱ ነበሩ የሚሳሳቱት። የቀረው ሁለት ጊዜ ግን እኔን አስተማሪ አድርጎ አቆየኝ።

እና ባለፈው ማክሰኞ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሰው ሰብስቤ ጠይቄዋለሁ። አመሰግናለሁ ብዬው ግን አላውቅም። መነጽሬን ሠሪው ዘንድ ትቼ የአቃቂ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰፈሩ ተለውጦ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ፤ የሐዲዱ ርዝራዥ ነው ያደረሰኝ። በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ሐዋ ናት፤ ያኔ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የነበረችው፣ ዛሬ ራሷ ሽበት የያዘች ጤና ረዳት። እትዬ ዘይነባ ካረፈች አራት ዓመት እንደሆናት በር ላይ ነገረችኝ፤ ሳልሰማ መቅረቴ አሳፈረኝ፣ እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ጋሽ ሙሄ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሰማንያውን አልፏል፤ ከስቷል፤ ኮፍያው ግን እንደነጣ ነው።

«አባ፣ ቲቸር ጽጌ መጥታለች» አለችው።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ። «አርጅተሻል» አለ በመጨረሻ። «እኔስ?»

«እርስዎ እንዳሉ ነዎት።»

«ውሸታም ሆንሽ ደግሞ» ብሎ ሳቀ። ስለ እትዬ ዘይነባ አወራን፣ ስለ በላቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነት። ሻይ መጣ። ሁለት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር አወራሁ። ከዚያ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና «ጋሽ ሙሄ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አልኩ። «ያን ዕለት እጅዎን ስላወጡ። አኩርፈው ሳይቀሩ ስለተመለሱ። አስተማሪ የሆንኩት ያኔ ነው፤ ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ሙሄ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጆሮውን በእጁ ደገፍ አድርጎ ወደ እኔ አዘነበለ። «አልሰማሁሽም ልጄ» አለ። «እርጅና ነው። እስቲ ድገሚው።»

ሐዋ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ሰምቷል» አለችኝ። «ጆሮው ደህና ነው።»

እኔም ወንበሬን አስጠግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ደገምኩለት።